ቶርኖ ላይ ሲኤንሲ ራውተር መግጠም፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቄስ ከመንዝ መጡ። የተሰበረ የአትሮንስ እግር በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው፤ ከታች በኩል ተሰንጥቋል። «ልጄ፣ እንደዚሁ ያለ አራት ታወጣልኛለህ?» አሉኝ። አንዱን በመሮና በሞረድ አወጣዋለሁ። አራት እኩል ማውጣት ግን ሌላ ጣጣ ነው። «አባ፣ አንድ ወር ይስጡኝ» አልኳቸው። አንዱ ወር ሦስት ሆነ። ያዘገየኝ እንጨቱ አልነበረም፤ እንጨት እያዞረ የሚልገው ቶርኖዬ ላይ የምገጥመውን ሲኤንሲ፣ ማለትም መቁረጫውን በኮምፒውተር የሚመራ ዕቃ፣ መምረጥ ነው። የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለቱን ወር አተርፍ ነበር።

ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ደብረ ብርሃንም ሆነ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትም ሆነ መሐል ሜዳ የእንጨት ቶርኖ ኖሯችሁ «ኮምፒውተር ልግጠምበት» ለምትሉ ነው። ራውተር ስል የዋይፋዩን አይደለም። ቢት የሚባለውን መቁረጫ ነክሶ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ዙር የሚሽከረከረውን የእጅ ማሽን ነው።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ፣ የውጭ ዕቃ የጠዋት ዋጋው ለከሰዓት አይሆንም። የቱ ከየቱ እንደሚወደድ ግን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ መስፈርቱ

አንደኛው ጥያቄ «ምን ትሠራላችሁ?» ነው። የአልጋ እግር፣ የጠረጴዛ እግር፣ ዘነዘና፣ የደረጃ መደገፊያ ይሆናል። እነዚህ ክብ ሆነው ይወፍራሉ፣ ይቀጥናሉ፣ በቃ። ጥምዝ ያለው፣ ቦይ ቦይ የወጣለት፣ ሐረግ ወይም መስቀል የተቀረጸበት ከሆነ ግን ሌላ ማሽን ነው የምታወሩት። ብዙ ሰው ይሄን ሳይመልስ መቆጣጠሪያ ቦርድ ይገዛል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ሁለተኛው መብራት ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ስትጀምሩ መሃል ላይ ሊጠፋ ይችላል ብላችሁ ጀምሩ። ጥያቄው ሲመጣ ማሽኑ ከየት ይቀጥላል የሚለው ነው።

ሦስተኛው ቶርኖው ራሱ። እኛ ዘንድ ያለው ብዙው ከአንግል ብረት ወይም ከአርኤችኤስ (ባለአራት ማዕዘን ክፍት ብረት) የተበየደ ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስበዋል። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሩና እዩት። መሃሉ 2 ሚሊሜትር ከጎበጠ ኮምፒውተሩ አያቃናውም፤ ያንኑ ጉብጠት በየእግሩ ላይ ይደግመዋል እንጂ።

ደግሞ ዕቃው ሲቃጠል የት ይገኛል የሚለው አለ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መርካቶ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይበላል፤ መሐል ሜዳ ከሆናችሁ ሁለት ቀን በሉት። ስለዚህ መርካቶ በየሱቁ የሚገኝ መካከለኛ ዕቃ፣ ከውጭ ታዝዞ ከሚመጣ ምርጥ ዕቃ ይበልጥብኛል።

የመጨረሻው ስዕሉን ማን ይስለዋል የሚለው ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። እናንተ ካልቻላችሁ የሚስልላችሁ ልጅ ከወዲሁ ፈልጉ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ስለሆነ አይጠፋም።

እንጨቱን ማን ያዞረዋል?

ይሄን ከመለሳችሁ የቀረው ቀላል ነው። እኔ ሁለት ወር የጨረስኩት እዚህ ላይ ነው፤ በቶርኖው ሞተር እንጨቱን እያዞርኩ ራውተሩን ከጎን ላስጠጋ ብዬ።

ሒሳቡን እንሥራው። 60 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ዙሪያው 188.5 ሚሊሜትር ነው። ቶርኖው በዝቅተኛው ፑሊ በደቂቃ 500 ዙር ያዞረዋል እንበል። በራውተሩ ፊት በደቂቃ 94 ሜትር እንጨት ያልፋል ማለት ነው። ሁለት ምላስ ያለው ቢት በ20,000 ዙር ቢሽከረከር፣ እያንዳንዱ ምላስ በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ይጎርሳል። ለእንጨት ደህና የሚባለው ጉርሻ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሃያ እጥፍ ጉርሻ! ወይ ቢቱ ይሰበራል፣ ወይ እንጨቱ ተፈናጥሮ ይወጣል። የኔው ባሕር ዛፍ ግድግዳው ላይ ምልክት ትቶ ነው የወደቀው።

ጉርሻው ልክ እንዲሆን እንጨቱ በደቂቃ 20 ዙር ገደማ ብቻ መዞር አለበት። የቶርኖ ሞተር በፑሊ ብቻ እዚያ አይወርድም። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። የቶርኖውን ሞተር ካስቀራችሁ ራውተሩን ትታችሁ ቋሚ መሮ ትገጥማላችሁ። ራውተሩን ከፈለጋችሁ ደግሞ የቶርኖውን ሞተር ታሰናብታላችሁ። ሁለቱ አንድ ቤት አይኖሩም።

አማራጭ ሀ፦ ኮምፒውተር የሌለው ኮፒ ማድረጊያ

ሲኤንሲ ልትገዙ መጥታችሁ ይሄን ማንሳቴ ያስቃል። ግን ያዋጣል። የእግሩን ቅርጽ በኮምፔንሳቶ ቆርጣችሁ ከቶርኖው ጎን ታስራላችሁ። መሮው በተንሸራታች ላይ ሆኖ ያንን ጠርዝ እየተከተለ እንጨቱን ይልጋል። መብራት ሲመለስ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ሁለት ኩሽኔታ፣ ትንሽ ብረት፣ አንድ ቀን ብየዳ፣ አለቀ። ጥምዝ አያወጣም። ቅርጽ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ኮምፔንሳቶ ትቆርጣላችሁ።

አማራጭ ለ፦ የቶርኖው ሞተር ይቀጥል፣ መሮውን ኮምፒውተር ይምራው

ሁለት ስቴፐር ሞተር፣ ማለትም ኮምፒውተር በትንንሽ እርምጃ (ስቴፕ) እየቆጠረ የሚያዞረው ሞተር፣ አላችሁ። አንዱ መሮውን በእንጨቱ ርዝመት ይወስዳል፣ ሌላው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያስኬዳል። እንጨቱን የሚያዞረው የቶርኖው ሞተር ነው።

ፍጥነቱ ነው ጥቅሙ። በ1,000 ዙር፣ በየዙሩ 0.3 ሚሊሜትር ቢሄድ፣ 700 ሚሊሜትር የሆነ እግር አንዱ ምልልስ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። አምስት ምልልስ ብትሉት 12 ደቂቃ አይሞላም። የደረጃ መደገፊያ 60 ታዝዞ ለመጣለት ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ችግሩ የሚገፋው ኃይል ነው። ቋሚ መሮ ከራውተር ይልቅ እንጨቱን ይገፋል። 40 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን እንጨት መሃሉ ላይ ይርገበገብና ሞገድ ሞገድ ይወጣበታል፤ መሃል ላይ ደጋፊ ኩሽኔታ ማሰር ግድ ነው። ጥምዝ እዚህም የለም።

አማራጭ ሐ፦ ራውተር በላዩ፣ እንጨቱን የሚያዞረው ስቴፐር

እኔ በመጨረሻ የገባሁበት ይሄ ነው። የቶርኖውን ቺንጋ አውልቃችሁ በሌላ በኩል ጥርስ ባለው ቺንጋ ስቴፐር ታስገባላችሁ። አሁን ኮምፒውተሩ እንጨቱ በየትኛው ዲግሪ ላይ እንዳለ ያውቃል። ጥምዙ፣ ቦዩ፣ ሐረጉ ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ዕውቀት ነው።

መደበኛ ስቴፐር ለአንድ ዙር 200 ስቴፕ አለው። ድራይቨሩ፣ ለስቴፐሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦርድ፣ እያንዳንዱን ለ8 ይከፍለዋል። ፑሊው 6 ለ 1 ከሆነ (ስቴፐሩ ስድስቴ ሲዞር እንጨቱ አንዴ) እንጨቱ አንዴ ሲዞር 9,600 ስቴፕ ይሆናል። በ60 ሚሊሜትር እንጨት ላይ አንዷ ስቴፕ 0.02 ሚሊሜትር ናት። ከብርጭቆ ወረቀት በፊት ዓይን የማይለየው ነገር ነው። ጥርስ ያለውን ቺንጋ ከማርሽ ሳጥን የምመርጠው ርካሽ ማርሽ ክፍተት ስላለው ነው። ወደ ግራ ዞሮ ወደ ቀኝ ሲመለስ ትንሽ ይዘገያል፤ የጥምዙ ሁለት ጠርዝ አይገናኝም።

ፍጥነቱስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀርፋፋ ነው። 700 ሚሊሜትር እግር በ1 ሚሊሜትር ልዩነት ዙሪያውን ሲያጸዳ ቢቱ 132 ሜትር ይጓዛል። በደቂቃ 2,000 ሚሊሜትር ከሄደ 66 ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ጥርቡን የሚጨርስበት አለ። ለሜዳ፣ ጥምዝም ቅርጽም ለሌለው፣ የአልጋ እግር በዚህ ማሽን መቆም ጊዜ ማቃጠል ነው። ለአትሮንሱ ግን ሌላ ምን ይሠራል?

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ፤ የቢቱ ጫፍ ልክ በእንጨቱ መሃል መስመር ላይ መዋል አለበት። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። እንጨቱን አወርዳለሁ። ሹል ቢት እገጥምና ራውተሩን ወደ ቶርኖው የኋላ ሹል አመጣዋለሁ። በሁለቱ ጫፎች መሃል የሲጋራ ወረቀት የሚያህል ስስ ወረቀት አስገብቼ ቀስ እያልኩ አወርዳለሁ። ወረቀቱ ሲያዝ ከፊትም ከጎንም አያለሁ። ከፊት ተገናኝተው ከጎን ካልተገናኙ ቡሎኑን ፈትቼ ስስ ላሜራ አስገባለሁ። ከዚያ ሌላኛው ዳር ላይ እደግመዋለሁ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግማሽ ሚሊሜትር ከሳተ ጥምዙ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ሆኖ ይወጣና ፕሮግራሙን ስትረግሙ ትውላላችሁ።

አማራጭ መ፦ የተሠራውን መግዛት

ገንዘቡ ካለና ትዕዛዙ የማይቋረጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ ይፈልጋሉ፤ መጀመሪያ ቆጣሪያችሁን እዩ። ቦርዱ ሲበላሽም ያንኑ ዓይነት ቦርድ ማግኘት ይጠበቅባችኋል።

አንጎሉ የቱ ይሁን?

ለ ወይም ሐ ከመረጣችሁ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ሦስት መንገድ አለ።

ርካሹ አርዱዪኖ በሚባለው ትንሽ ቦርድ ላይ የሚጫነው ጂአርቢኤል የሚባል ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፤ ቦርዱ ቢቃጠል ሌላ መግዛት አያስለቅስም። ተራው ጂአርቢኤል ሦስት አክሲስ (የእንቅስቃሴ አቅጣጫ) ብቻ ነው የሚያውቀው። ለአማራጭ ሐ ደግሞ የሚያስፈልገው ልክ ሦስት ነው፦ ርዝመት፣ ጥልቀት፣ ማዞሪያ። ማዞሪያውን በዋይ፣ ማለትም በስፋቱ አክሲስ፣ ቦታ ትሰኩታላችሁ። ከዚያ 9,600 ስቴፕን ለ188.5 አካፍሉት፤ 50.93 ይወጣል። ያንን የዋይ ስቴፕ በሚሊሜትር ብላችሁ ስትሞሉት ማሽኑ እንጨቱን እንደ ጠፍጣፋ ጣውላ ነው የሚያየው። ስፋቱ 188.5 ሚሊሜትር የሆነ ስዕል ትሰጡታላችሁ፣ እሱ እንደ ነጠላ ይጠቀልለዋል። እንጨቱ ሲቀየር ቁጥሩንም ቀይሩ። ረስቼ በ60 ሒሳብ 90 ሚሊሜትር እንጨት ላይ የሠራሁት መስቀል ወደ ጎን ተለጥጦ ወጣ። ረዳቴ አሁንም ይስቅብኛል።

የጂአርቢኤል ጠላት ሁለት ነው። አንዱ መብራት፤ ሲጠፋ የት እንደነበረ ይረሳል። ሁለተኛው የራውተሩ ካርቦን የሚፈጥረው ብልጭታ። ብልጭታው በሽቦ ገብቶ የዩኤስቢ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል። እኔ ላይ 50ኛው ደቂቃ ላይ ነው የቆረጠው። ራውተሩንና ላፕቶፑን አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ፣ የዩኤስቢ ገመዱን አሳጥሩ፣ የቶርኖውን ብረት መሬት አሲዙ።

ሁለተኛው መንገድ ፒሲ ነው። ማች3 ወይም ሊኑክስሲኤንሲ የሚባለው ፕሮግራም ይጫንበታል። ሊኑክስሲኤንሲ ነጻ ነው፣ የድሮ ዴስክቶፕ በፓራለል ፖርት (በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ) ይበቃዋል። ለአማራጭ ለ እሱን ነው የምመርጠው። ቶርኖው ላይ ኢንኮደር (ዙር የሚቆጥር ዕቃ) ከተገጠመ የእንጨቱን ዙር እየቆጠረ መሮውን ከዙሩ ጋር ያስኬዳል፤ የቡሎን ጥርስ ሁሉ ማውጣት ይችላል። ማች3 በፓራለል ፖርት ከሆነ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ እንደማይሠራ እወቁ። ፒሲ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ይፈልጋል። ሰጋቱራም ማራገቢያውን ይዘጋዋል።

ሦስተኛው ዲኤስፒ የሚባለው፣ ስክሪንና ቁልፍ ያለው በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ነው። ፋይሉን በፍላሽ ትሰጡታላችሁ፣ ላፕቶፕ አያስፈልግም። ከጂአርቢኤል ብዙ እጥፍ ይወደዳል። ብዙዎቹ መብራት ሲጠፋ የደረሱበትን ይመዘግባሉ፤ ሲመለስ «ልቀጥል?» ይሏችኋል። የማዞሪያ አክሲስ የሚያውቀውን ለይታችሁ ግዙ።

እዚህ ላይ ግን ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ዲኤስፒው ቦታውን ቢያስታውስም ስቴፐሩ መብራት ሲመለስ እስከ 2 ሙሉ ስቴፕ (ከ200ዎቹ) ወዲያ ወይ ወዲህ ሊዘል ይችላል። 6 ለ 1 ከሆነ እንጨቱ ላይ 0.6 ዲግሪ ነው፤ በ60 ሚሊሜትር ውፍረት 0.3 ሚሊሜትር። በጣት የሚታወቅ መስመር ይተዋል። ስለዚህ ቢያንስ ለድራይቨሩና ለመቆጣጠሪያው የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ግዙ። ራውተሩን አይችለውም፤ እንዲችለውም አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ፕሮግራሙን ቆም አድርጉና ጠብቁ።

የቀረው በአጭሩ

ራውተር፦ ከ700 እስከ 800 ዋት ያለው ትንሹ የእጅ ራውተር ለሐ ይበቃል። በውኃ የሚቀዘቅዘው ስፒንድል (በራውተር ፈንታ ቢቱን የሚያዞር ሞተር) ጸጥ ያለ ነው፣ ቆንጆ ነው፤ ግን ደብረ ብርሃን ኅዳር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቱቦው ውስጥ ያደረው ውኃ በረዶ ሆኖ ጠዋት ቢጠብቃችሁ አትገረሙ። ፀረ በረዶ ጨምሩበት ወይም ማታ አፍስሱት። በአየር የሚቀዘቅዘውም የራሱ ነገር አለው። እንደ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቷል፣ ሞተር የሚገባውን ያህል አይቀዘቅዝም፤ እያሳረፋችሁ አሠሩት። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ላይ ያላችሁ ደግሞ ድራይቨሩን በዝግ ሳጥን አታፍኑት፣ ማራገቢያ አድርጉለት።

ብሎን ዘንግ፦ ተራ 12 ሚሊሜትር ባለጥርስ ብረት በአንድ ዙር 1.75 ሚሊሜትር ነው የሚሄደው። ስቴፐሩ በደቂቃ 600 ዙር ቢሄድ 1,050 ሚሊሜትር ነው። 1605 የሚባለው ባለኳስ ዘንግ በዚያው ዙር 3,000 ይሄዳል፤ ዳዶውም አይላላም። ገንዘብ ካነሰ ለርዝመቱ ባለኳሱን፣ ለጥልቀቱ ተራውን አድርጉ።

| | ሀ፦ ኮፒ | ለ፦ መሮ በኮምፒውተር | ሐ፦ ራውተርና ስቴፐር | መ፦ የተሠራ |
|---|---|---|---|---|
| ወጪ | በጣም ትንሽ | መካከለኛ | ከለ ትንሽ ከፍ ያለ | ከሁሉም በላይ |
| ሜዳ እግር | ይሆናል | ምርጥ፣ 12 ደቂቃ ገደማ | ከ1 ሰዓት በላይ | ምርጥ |
| ጥምዝና ቅርጽ | የለም | የለም | አለ | እንደ ሞዴሉ |
| መብራት ሲጠፋ | ምንም አይሆን | እግሩን ደግሞ መጀመር | ያለ ዩፒኤስ ሥራው ይበላሻል | እንደ ሞዴሉ |
| የጎበጠ ቶርኖ ላይ | ይቻላል | ይርገበገባል | ይቻላል፣ ግን ይታያል | አይመለከተውም |
| የሚስማማው አንጎል | አያስፈልግም | ሊኑክስሲኤንሲ | ጂአርቢኤል ወይም ዲኤስፒ | አብሮት ይመጣል |
| ስዕል የሚችል ሰው | አያስፈልግም | ትንሽ | የግድ | የግድ |

ለማን የቱ?

ጀማሪ ከሆናችሁና ገንዘቡ የዕቁብ ከሆነ፣ ሀን ሥሩ። አትፈሩ፣ ኋላ ቀር አያሰኝም። ተንሸራታቹን ቀጥ አድርጋችሁ ከሠራችሁት ነገ ስቴፐር ሲገኝ ያው ብረት ወደ ለ ያድጋል።

የቤት ዕቃ ቤት ካላችሁና በወር የምታወጡት እግር የሚበዛ ከሆነ ለን ያዙ፣ ሌላ አታስቡ። ጥምዝ የሚፈልግ ደንበኛ በዓመት ሁለቴ ቢመጣ በእጅ ሥሩለት።

የቤተ ክርስቲያን ዕቃ፣ ረከቦት፣ ቅርጽ ያለው ሥራ የምትሠሩ ሐ ይሻላችኋል። በጂአርቢኤል ጀምሩ፣ ትርፉን ብረቱ ላይ አውሉት። ውድ ዲኤስፒ በተወላገደ ቶርኖ ላይ የገጠመ አንድ ወዳጄ አለ። መቆጣጠሪያው እስካሁን ላስቲኩ አልተገፈፈም፣ እግሮቹ ግን ሁሉም ሙዝ ናቸው። ለሙከራ ባሕር ዛፍ አታባክኑ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ጥፋቱ የማሽኑ ይመስላችኋል። ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ ለመማሪያ ይመቻል። ወይራውን ለመጨረሻ አቆዩት።

ሐን የምትሠሩ አንድ ነገር ከማንም ዕቃ በፊት አድርጉ፤ የቶርኖውን ሞተር ከመብራት ለዩት። ረዳቴ አንድ ቀን ልማዱ ሆኖበት የቶርኖውን ማብሪያ ተጫነ። አሮጌውን ቺንጋ አላወለቅኩትም ነበር። ቶርኖው በ6 ለ 1 ፑሊ በኩል ስቴፐሩን አሽከረከረው። ስቴፐር በግድ ሲዞር ጄኔሬተር ይሆናል፤ ኃይሉ ወደ ድራይቨሩ ተመልሶ አንድ ጊዜ ጭስ አለና ቀረ። የልጁ እጅ እዚያ ባለመኖሩ ነው ተመስገን ያልኩት። በማግስቱ መርካቶ ወረድኩ። ከመሄዴ በፊት ግን የቶርኖውን ሞተር ሶኬት በፒንሳ ቆርጬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ አሁንም እዚያው ነው።